ብረትን ሳያፈርሱ መመርመር

ምንባብ

ከካርቱም ከተማ በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጄሊ በተባለ ሥፍራ፣ አንድ ታላቅ የነዳጅ ማጣሪያ ይገኛል። ማጣሪያው የሱዳን መንግሥት ከቻይና ብሔራዊ የነዳጅ ድርጅት ጋር በመተባበር ያሠራው ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገለት ማስፋፊያም በቀን 100,000 በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ የማጣራት አቅም አገኘ። ኢትዮጵያም ለበርካታ ዓመታት ከሱዳን ቤንዚን ትገዛ ነበር።

ማስፋፊያው ከተደረገ በኋላ ማጣሪያው ፉላ ከተባለው የነዳጅ መስክ የሚመጣውን ወፍራምና አሲድ የበዛበት ድፍድፍ ነዳጅ ማጣራት ቻለ። እንዲህ ያለው ነዳጅ በብርቱ ሲሞቅ የሚተላለፍበትን ቧንቧ ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ከውጭ ሲያዩት ደኅና የሚመስል ቧንቧ ከውስጡ ሳስቶ ሊገኝ ይችላል። ቧንቧው ቢፈነዳ የሚጠፋው ንብረት ብቻ አይደለም፤ በአጠገቡ የቆመው ሠራተኛ ሕይወትም ነው።

ታዲያ የብረቱ ጤንነት እንዴት ይታወቃል? ቆርጦ ማየት ቧንቧውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ሐኪም የበሽተኛን አካል ሳይከፍት በራጅ እንደሚያይ ሁሉ፣ ባለሙያዎችም ብረትን ሳያፈርሱ የሚመረምሩባቸው ልዩ ልዩ ዘዴዎች አሉ። በብየዳ ውስጥ የተሰወረ ጉድለት በራጅ ይታያል። በብረት ገጽ ላይ ያለ ስንጥቅ፣ ቀለም ያለው ፈሳሽ በማስረግ፣ ወይም ብረቱን ማግኔታዊ አድርጎ የብረት ብናኝ በመነስነስ ይገለጣል። ውፍረቱ ደግሞ የሰው ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ ይለካል። ድምፅ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5,900 ሜትር ያህል ይጓዛል። በመሆኑም ሞገዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ከታወቀ ውፍረቱ ይታወቃል። ለምሳሌ ያህል፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት ውስጥ የደርሶ መልሱ ጊዜ ከሰከንድ ሦስት ሚሊዮንኛ ጥቂት ብቻ ይበልጣል።

ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚያከናውኑት በጨረታ የሚመረጡ የምርመራ ተቋራጮች ናቸው። የምርጫው አስቸጋሪነት ከዚህ ይጀምራል። ግድግዳ የሠራ ግንበኛ ሥራው በዓይን ይታያል፤ የመርማሪ ሥራ ግን የሚታየው በወረቀት ላይ በሰፈረ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ስሕተት ቢሆን ስሕተቱ የሚታወቀው አደጋ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በዋጋ ርካሽነት ብቻ መምረጥ ኋላ ብዙ ያስከፍላል።

አስተዋይ አሠሪ በመጀመሪያ የሚመለከተው የድርጅቱን ስም ሳይሆን መሣሪያውን የሚይዘውን ሰው ነው። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት 9712 የተባለው መመሪያ ባለሙያዎችን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ባለ አንደኛ ደረጃው በሌላ ባለሙያ ተቆጣጣሪነት ይሠራል፤ ባለ ሁለተኛ ደረጃው መርምሮ ውጤቱን ይተረጉማል፤ ባለ ሦስተኛ ደረጃው የአሠራር ሥርዓቱን ያወጣል። የምስክር ወረቀቱም ለእያንዳንዱ ዘዴ ለየብቻ ይሰጣል። በራጅ የሠለጠነ ሰው በዚያ ምክንያት ብቻ በድምፅ ሞገድ ሊመረምር አይችልም።

ሁለተኛው ነገር የመሣሪያው ትክክለኛነት ነው። መሣሪያው ውፍረቱ አስቀድሞ በታወቀ ብረት ላይ ተፈትኖ መረጋገጥ አለበት። ሦስተኛው የመርማሪው ነጻነት ነው፤ ብየዳውን የሠራው ሰው ራሱ መርማሪ ከሆነ ፍርዱ ሊያጋድል ይችላል። አራተኛው የራጅ ጨረር ሰውን እንዳይጎዳ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። ከዚህም በላይ ተወዳዳሪዎችን ጉድለቱ አስቀድሞ የታወቀ ብረት ሰጥቶ መፈተን ይቻላል። ጉድለቱን ያላገኘ ተቋራጭ ዋጋው ምንም ያህል ቢያንስ አይጠቅምም።

የት እንደሚለካ መወሰንም እንዴት እንደሚለካ ከመወሰን አያንስም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 2012 በአሜሪካ አገር በሪችመንድ ከተማ በሚገኝ ማጣሪያ አንድ የሳሳ ቧንቧ ፈነዳ። በዚያው የቧንቧ መሥመር በሌሎች ክፍሎች ላይ ውፍረት ይለካ ነበር፤ የፈነዳው ክፍል ግን መለኪያ ቦታ አልነበረውም። 19 ሠራተኞች በነዳጅ ጉም ተውጠው ለጥቂት ከሞት ተረፉ፤ 15,000 ያህል የአካባቢው ነዋሪዎችም ወደ ሕክምና ሄዱ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የጄሊ ማጣሪያ የውጊያ ቦታ ሆኖ በእሳት ክፉኛ ተጎዳ። እሳት የነካው ብረት ቅርጹ ባይለወጥም ጥንካሬው ሊቀንስ ይችላል። እንዲህ ያለ ማጣሪያ እንደገና ሥራ ከመጀመሩ በፊት ታንከሩም ቧንቧውም አንድ በአንድ መመርመር ይኖርበታል። ያን ጊዜ እውነተኛውን ቁጥር፣ መጥፎም ቢሆን፣ ሳይደብቅ የሚናገር መርማሪ ያስፈልጋል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. አሲድ የበዛበት ድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧን የሚጎዳው እንዴት ነው?
2. የመርማሪ ሥራ ከግንበኛ ሥራ በምን ይለያል?
3. የሪችመንዱ አደጋ ምን ያስተምራል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገብታችሁ አሳዩ።
ድፍድፍ፣ ሳሳ፣ ብናኝ፣ ተቋራጭ፣ ጨረታ፣ ደርሶ መልስ

ሐ. «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ጋር ያለውን ግንኙነት በአንድ አንቀጽ አስረዱ።