ታንኳው ለሐይቅ ይሁን

ቆይ፣ ያንን ገመድ ወገብህ ላይ አትሰረው። ታንኳው ከተገለበጠ አንተንም ይዞህ ነው የሚሄደው። ገመዱ ታንኳው አፍ ላይ ይታሰር፣ ጫፉን በእጅህ ያዝ፣ በቃ።

ደግሞ መርሳ ወንዝ ላይ እንቅዘፍ ያላችሁ ማነው? በኅዳር ብትሄዱ አሸዋና ድንጋይ ላይ ታንኳ ስትጎትቱ ትውላላችሁ። ታንኳ የሚያንሳፍፍ ውሃ የሚገኘው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያኔ የሚመጣው ደግሞ ደራሽ ነው። አላ ውሃም ያው ነው። ወንዞቻችን ከደጋው ገደል ወርደው ወደ አፋር ነው የሚነጉዱት። ወልድያ ላይ ፀሐይ አናትህን እያቃጠለህ፣ ላይ ደጋ የዘነበው ሳታስበው ይደርስብሃል። በልግንም አትመነው። ወንዝ ዳር ቆመህ ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ጭራሮና ገለባ ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ወይም ከላይ በኩል የከባድ መኪና ዓይነት ጉርምርምታ ከሰማህ ዕቃህን ጥለህ ዳገቱን ውጣ። ጫማዬን ላንሳ እንዳትል።

ዋና እንችላለን አትበሉኝ። በ1968 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ዓባይን በጀልባ ሊወርዱ ወታደርና ተመራማሪ አስከትለው መጥተው እንኳ አንድ ሰው ውሃ ወስዶባቸዋል።

ስለዚህ ሐይቅ ሂዱ። በደሴ መኪና ውጫሌን አልፋችሁ ብዙም አይርቅም። (ውጫሌ ላይ የ1881ዱን ውል ልተርክ ብለህ ልጆቹን እንዳታሰለቻቸው።) ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምትና ኅዳር ሲሆን ጥሩ ነው። ግን ሐይቁ ዝም ስላለ አትናቀው፤ ጥልቀቱ ከዳር ራቅ ሲል የትየለሌ ነው። በጠዋት ግቡ፣ ከሰዓት ነፋሱ ሳይነሳ ውጡ። መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ቅዘፉ፤ ሲደክማችሁ እሱው ይመልሳችኋል። ውሃውን የሚያውቅ የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ ከፍላችሁ ያዙ፤ እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

የሕይወት አድን ጃኬቱን ና ልየው። ትከሻው ላይ ይዤ ወደ ላይ ስስበው ጆሮህ ድረስ ወጣ፣ አየህ? እንዲህ ከሆነ ውሃ ውስጥ አንተ ወደ ታች፣ እሱ ወደ ላይ። የጎን ማሰሪያውን አጥብቀው፤ ሳትተነፍስ እንዳይሆን ብቻ። ታንኳ ላይ እስካለህ ድረስ አይወልቅም፣ ፎቶ ለመነሳትም ቢሆን! ከተገለበጣችሁ ታንኳውን ያዙ እንጂ ወደ ዳር ልዋኝ የሚል አይኑር። ተገልብጦም ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል።

ዳር ዳሩን፣ ቄጠማው ውስጥ፣ ባዶ እግርህን ስትንቦራጨቅ አትዋል፤ ቢልሃርዚያ አለ። ከወጣህ በኋላ ሰውነትህን በፎጣ አሽተህ አድርቅ። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ወይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካየህ ጤና ጣቢያ ሂድና ሐይቅ ገብቼ ነበር በላቸው፤ መድኃኒት አለው። እስጢፋኖስ ገዳምን መሳለም ከፈለጋችሁ የመውጫ ሰዓታችሁን ሳታዛቡ ነው። እኔ ሴት ስለሆንኩ አልገባም፤ አንተ ገብተህ ታየዋለህ።

ስልክህን በሁለት ፌስታል ጠቅልለው። አሥር ሰዓት ላይ ካልደወልክ መጀመሪያ ለዓሣ አጥማጁ ነው የምደውለው፣ ስለዚህ ቁጥሩን ሳትሰጠኝ እንዳትወጣ። ከዚያ ለአባዬ። ያንን ጋቢም ከቦርሳው አውጣ፤ ውሃ ከጠጣ ማን ያነሳልሃል?