ስኳሩ ከድንጋጤ ነው ወይ?

ከደጀን አልፎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ ይሄዳል። በዚህ ወር የመለስኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከደጀንና ከዚሁ ከሁለተኛው መንገድ ዳር የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፤ የሚያስጨንቃቸው ግን አንድ ነው። አደጋ፣ ሐዘንና ንዴት ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ምን ያደርጉታል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ መኪናው ተገልብጦ ጭኑ ተሰበረ። ሆስፒታል ሲለካ ስኳሩ 268 ሆኖ ተገኘ። ዕድሜው 34 ነው፤ በቤተሰባችን ስኳር ያለበት ሰው የለም። ዘመድ ሁሉ «ከድንጋጤ ስኳር ያዘው» ይላል። ኢንሱሊንም ጀምረውለታል። በቃ ዕድሜ ልኩን ሊወጋ ነው? (ከደጀን)

መልስ፦ ወንድምዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት። 268 የሚለው ቁጥር ብቻውን የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም።

ጉበታችን የስኳር ጎተራ ነው። አጥንት ሲሰበር፣ ደም ሲፈስ፣ ሰው ክፉኛ ሲደነግጥ ከኩላሊት አናት ላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃሉ፤ እነሱም የጎተራውን በር ይከፍታሉ። ሰውነት ለመሸሽም ሆነ ቁስሉን ለመጠገን ስንቅ ያስፈልገዋልና ስኳሩ ወደ ደም ይጎርፋል። በዚያው ሰዓት ስኳሩን ከደም ወደ ጡንቻ የሚያስገባው ኢንሱሊን ኃይሉ ይዳከማል። ጤነኛ ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን አመንጭቶ ነገሩን ያረጋጋዋል፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ግን ከዚያ በፊት ስኳር ያልነበረበት ሰው እንኳ ከ200 ሊያልፍ ይችላል።

ይህ አዲስ እውቀት አይደለም። ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር በ1849 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጥንቸልን የአንጎል ግርጌ በመርፌ ሲነካ በሽንቷ ውስጥ ስኳር አገኘ። አሜሪካዊው ዋልተር ካነን ደግሞ በ1911 የፈሩና የተቆጡ ድመቶች ሽንት ስኳር እንደሚያሳይ ከባልደረቦቹ ጋር አሳወቀ። አንዱ ጉዳት፣ ሌላው ፍርሃት፤ መንገዳቸው ግን ወደ አንዱ ጎተራ ነው።

ስለዚህ ከወንድምዎ ፊት ሁለት ዕድሎች አሉ። አንደኛው፣ ስኳሩ ከጉዳቱ የመጣና አብሮት የሚሄድ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሕመሙ ሳያውቀው ለወራት ወይም ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ሲሠራ ኖሮ አደጋው ገለጠው የሚለው ነው። በሥራዬ ብዙ ጊዜ የማየው ይህን ሁለተኛውን ነው። ሰዎች «ከድንጋጤ ያዘኝ» ሲሉኝ አልስቅባቸውም፤ በዚያ ቀን መታወቁ እውነት ነውና። ነገር ግን የአንድ ቀን ድንጋጤ ጤነኛ ቆሽትን አያፈርስም። ድንጋጤው ስኳሩን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

ሁለቱን የሚለየው «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለው የደም ምርመራ ነው፤ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመሙ ከአደጋው በፊት ነበረ ማለት ነው። ብዙ ደም ፈስሶት ወይም ደም ተሰጥቶት ከሆነ ግን ይህ ምርመራ ሊያሳስት ስለሚችል ሐኪሙ ይህን እንዲያውቅ ያድርጉ። ምርመራው ካልተገኘ ስብራቱ ከጠና በኋላ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ፣ በባዶ ሆድ ይለካ። በተለያዩ ቀናት ሁለት ጊዜ 126 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ስኳር አለበት።

ኢንሱሊን መጀመሩም አያስደንግጥዎት። ከፍ ያለ ስኳር ቁስልን ያመረቅዛል፣ የአጥንቱን መጠገን ያዘገያል፤ ስለዚህ ስኳሩ ጊዜያዊ ቢሆንም ሆስፒታል ሳለ መታከም አለበት። ብዙዎች ሲወጡ ይተዉታል። አንድ ነገር ግን ሐኪሙን ይጠይቁ፦ የተሰካለት ግሉኮስ ነበር? ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒትስ ተወግቷል? ሁለቱም ራሳቸው ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው፤ ኢንሱሊን ከጀመረ አምስት ዓመት ሆነው። ጤፍ ሲያጭድ ማጭድ እግሩን ቆረጠው። በሦስተኛው ቀን አተኮሰው፣ ምግብ አልበላም አለ። «ካልበላህ መርፌውን ተው» ብለውት ሁለት ቀን ተወው። አሁን ያስመልሰዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። (ከሞጣ)

መልስ፦ ጥያቄው እንደደረሰኝ ወዲያው ሆስፒታል እንዲወስዱት በስልክ ነግሬያለሁ። እዚህ የምጽፈው ነገ ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥመው ሰው ነው።

«ካልበላህ አትወጋ» የሚለው ምክር በፍቅር የሚሰጥ ነው፤ ሰው ግን ይገድላል። እንደዚህ ወጣት ሙሉ በሙሉ በኢንሱሊን የሚኖር ሰው ባይበላም ጉበቱ ስኳር መልቀቁን አያቆምም። ሲቆስልና ሲያተኩሰው እንዲያውም ይብስበታል። ኢንሱሊኑ ሲቋረጥ ስኳሩ ደም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል፣ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ከዚያም ደሙን የሚመርዝ አሲድ ይፈጠራል። ምልክቶቹ የማያባራ ጥም፣ ሽንት ማብዛት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ እንደበሰለ ፍራፍሬ የሚሸት አፍ ናቸው። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ቤት ውስጥ የሚድንበት መንገድ የለውም። ጤና ጣቢያ ውስጥ በሽንት ምርመራ ኬቶን የሚባለውን ይህን አሲድ ማየት ይቻላል፤ ሕክምናው ግን ሆስፒታል ነው።

የቆሰለ ወይም ያተኮሰው የኢንሱሊን ተጠቃሚ መርፌውን አያቋርጥ። መሣሪያ ካለው በየአራት ሰዓቱ ይለካ፣ ውሃ በብዛት ይጠጣ። መጠኑን ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግ ግን የሚከታተለውን ሐኪም ወይም ነርስ ይጠይቅ። ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ጉዳይ ይለያል። ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ክፉኛ ከታመመና ፈሳሽ ካጠረው ሐኪሙ ለጊዜው ሊያስቆመው ይችላል፤ ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ ሳይበላ ከዋጠው ስኳሩ አደገኛ ሁኔታ ላይ እስኪደርስ ሊወርድበት ይችላል። ለኢንሱሊን የሠራው ሕግ ለክኒን፣ ለክኒን የሠራው ለኢንሱሊን አይሠራም።

ቁስሉን በንጹህ ውሃና በሳሙና አጥቦ በንጹህ ጨርቅ መሸፈን፣ የቴታነስ ክትባት መውሰድ ያስፈልጋል። አመድና እበት አይነካው። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ እሾህ ወግቶት፣ ድንጋይ ልጦት ላይሰማው ይችላል፤ ስለዚህ ማታ ማታ እግሩን በዓይኑ ይይ፣ በባዶ እግሩም አይሂድ። ቁስል ስኳርን ይጨምራል፣ የጨመረው ስኳር ቁስሉን ያዘገያል። ቁስሉ መዳን ሲጀምር ደግሞ ሰውነት የሚፈልገው ኢንሱሊን ይቀንሳል። በሕመሙ ጊዜ የተጨመረውን መጠን ዝም ብሎ የሚቀጥል ሰው ስኳሩ ይወርድበታል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ስለ መድኃኒቱ አያያዝም ልናገር። ከደጀን ደጋ እስከ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ ከላይ ብርድ፣ ከታች ሐሩር ነው። ከአዲስ አበባ ኢንሱሊን የምታመጡ ሰዎች በመኪናው መስታወት ሥር ወይም ሞተሩ አጠገብ አታስቀምጡት። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ያስቀምጠው፤ ውሃው ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል።

ጊዜውንም አንርሳ። በክልላችን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የጀመረው ግጭት መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት አብሮ እንደሚዘጋ አሳይቶናል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ በመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ኢንሱሊን እየጠፋ እንደነበር ሐኪሞቹ በአደባባይ ተናግረዋል። በጃፓኗ ኮቤ በፈረንጆቹ 1995 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላም የስኳር ታማሚዎች የሦስት ወር ልኬት ከፍ ማለቱን ሐኪሞች መዝግበዋል። ጭንቀቱ፣ የተበጣጠሰው እንቅልፍ፣ የታጣው ምግብና መድኃኒት ተደማምረው ነው። ስለዚህ ቀጠሮ በመጣ ቁጥር መንገዱ ክፍት ሳለ ለተጨማሪ ሳምንታት የሚሆን መድኃኒት እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስናደድ ስኳሬ ይወጣል ይሉኛል፤ እኔ ግን አንዳንዴ ሲወርድ ነው የማየው። ይሆናል? (ከደጀን፣ መምህር)

መልስ፦ ይሆናል። በብዙ ሰው ላይ ንዴት ስኳርን ይጨምራል፤ በኢንሱሊን በሚኖሩት ላይ ግን ሁለቱም ይታያል። በልቶ የሚናደድ ሰውና ከምግብ ርቆ የሚናደድ ሰው አንድ አይደሉም። ለሁለት ሳምንት ያህል የተናደዱበትን ሰዓትና ልኬቱን በደብተርዎ ይጻፉ፤ ሰውነትዎ ራሱ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር ካለባት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወንድሟ አዲስ አበባ ሞተ። «ስኳር አለባት፣ አትንገሯት» ብለው ዘመዶች ደበቋት። አንድ ወር ሊሞላ ነው። በየቀኑ ስለ እሱ ትጠይቀኛለች፤ አልችል አልኩ። ብነግራት ትሞትብኝ ይሆን? (ከቢቸና)

መልስ፦ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው። መርዶ መደበቅ ለስኳር ታማሚ የተሰጠ እንክብካቤ ተደርጎ እንደሚታይ አውቃለሁ። እኔ ግን አልስማማም። ሐዘኑን ስኳሯ ይሸከመዋል፤ የማይሸከመው ያለ ምግብና ያለ መድኃኒት የሚያልፉትን የለቅሶ ቀናት ነው።

የመርዶው ድንጋጤ ራሱ ስኳሯን ለሰዓታት ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ያ ይለካል፣ ይታከማልም። ብዙ ጊዜ ሰው የሚወድቅብን ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ነው። ሐዘንተኞች መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ አይተኙም፣ ንፍሮ ቀምሰው ይውላሉ፣ መድኃኒቱ ሳጥን ውስጥ ይረሳል። የደነገጠ ሰው ሲወድቅ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ መስጠትም ልማዳችን ነው። ስኳሩ ከፍ ላለ ሰው ይህ ነዳጅ መጨመር ይሆናል። በሌላ በኩል መድኃኒቷን ወስዳ ያልበላች ለቅሶተኛ ሊያልባት፣ ልትንቀጠቀጥ፣ ዝም ልትል፣ ቃሏ ሊምታታ ይችላል፤ «ሐዘን ነው» ተብሎ ይታለፋል። ያ ግን የወረደ ስኳር ሊሆን ይችላል፤ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ይሰጣታል። መለኪያ ከሌለና ምልክቱ ካለ ስኳሩን ስጡ፤ የወረደ ስኳር ከከፍተኛው ይልቅ ቶሎ ይገድላል። ራሷን ከሳተች ግን አፏ ውስጥ ምንም አይደረግ፤ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ስለዚህ ለእናትዎ ይንገሯት። እንደ ወጉ ማለዳ ይሁን፣ ዘመድና ሽማግሌም ይገኝ። ከዚያ በፊት ግን ትለካ፣ መድኃኒቷን ትውሰድ፣ ቁርሷን ትብላ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው፣ የሚያለቅስ ሳይሆን የሚጠብቃት ሰው፣ መድኃኒቷንና ምግቧን በሰዓቱ እንዲያቀርብላት ተመድቦ በጠዋትና በማታ ይለካት። ፊቷን እንዳትነጭ ያዟት፤ ቁስሉ ለእሷ ቀላል አይደለምና። ታልቅስ፤ ማልቀስ አይጎዳትም። ሐዘኑ ከወራት በኋላም ካልለቀቃት፣ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካላት፣ ለስኳር ሐኪሟ ይነገር፤ የድብርት ሕመም ይታከማል፣ ስኳሯም አብሮ ሊስተካከል ይችላል።

የዕድር ዳኞችም እባካችሁ ስሙኝ። ድንኳን ስትተክሉ፣ ወንበር ስትደረድሩ፣ «በዚህ ቤት ስኳር ያለበት ሰው አለ? መድኃኒቱን ወስዷል? በልቷል?» ብላችሁ ጠይቁ።