አሮጌ የሸራ መርከብ ገዝቶ ስለ ማደስ

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁለት ዋጋ ይከፍላል። አንደኛው ለሻጩ ቈጥሮ የሚያስረክበው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ግን ዕቃው ከእጁ ከገባ በኋላ የተሰወረው ጉድለት እየተገለጠ ሲሄድ ጥቂት በጥቂት የሚያወጣው ነው። የመጀመሪያው ዋጋ በውል ላይ ይጻፋል፤ ሁለተኛው በምንም ወረቀት ላይ አይገኝም። ይህም ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በአሮጌ የሸራ መርከብ ላይ ነው፤ በመርከብ ውስጥ የተሰወረ ብስባሴ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ነፍስንም ያጠፋልና።

ከባሕር ርቆ በደጋ የሚያስተዳድር ሹም ይህ ትምህርት ምን ይረባኛል ይል ይሆናል። ነገር ግን ያገለገለ የወፍጮ ሞተር፥ አሮጌ የእህል መጋዘን፥ የእንጨት ድልድይ ወይም በሐይቅ ላይ ሰውና እህል የሚያሻግር ጀልባ ሲገዛና ሲያሳድስ የሚገጥመው ያው ሕግ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከዚህ በታች በተራ ይገለጣል።

፩ኛ፤ ስለ መጠን

ትልቅ መርከብ በርካሽ ተገኘ በተባለ ጊዜ ገዢው ይቸኩላል። ነገር ግን አስቀድሞ ማስላት ይገባዋል። ሁለት መርከቦች በቅርጽ አንድ ሆነው የአንደኛው ርዝመት የሁለተኛው እጥፍ ቢሆን፥ ቀለም የሚቀባው ገላው እጥፍ ብቻ አይሆንም፥ 4 እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱም 8 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ የ6 ሜትር ጀልባ የነበረው ሰው የ12 ሜትር መርከብ ቢገዛ፥ ድካሙና ወጪው በእጥፍ ብቻ የሚጨምር አይምሰለው። ሸራው ይሰፋል፥ ገመዱ ይወፍራል፥ መልሕቁ ይከብዳል፤ መርከቡን ከውኃ አውጥቶ ለማቆምም ብዙ ጉልበትና ጠንካራ መሣሪያ ይፈለጋል። አሮጌው ትልቅ መርከብ በአዲስ ትንሽ ጀልባ ዋጋ ቢሸጥም፥ ማኖሪያው ግን ምንጊዜም የትልቅ መርከብ ማኖሪያ ነው።

፪ኛ፤ ከመግዛት በፊት ስለሚደረግ ምርመራ

በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን አይቶ፥ ኮቴዋን አንሥቶ፥ ጀርባዋን ዳስሶ፥ አስሮጦም ተመልክቶ ነው። የመርከብም ምርመራ እንደዚሁ ነው። በውኃ ላይ የቆመ መርከብ እኩሌታው አይታይም፤ ስለዚህ ከውኃ ሳይወጣ ዋጋ መቍረጥ አይገባም። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ መርከብም ከሁሉ ይልቅ ያጠራጥራል፤ ከላይ አምሮ ውስጡን ለቄስ የሆነው ብዙ ነውና።

እንጨትን የሚያበሰብሰው ብዙ ጊዜ የባሕሩ ጨው ውኃ አይደለም፤ ጨው እንጨትን ከመበስበስ ይከላከለዋል። የሚያበሰብሰው ከላይ በስንጥቅ የሚገባውና ነፋስ በማያገኘው ጥግ የሚቋጠረው የዝናብ ውኃ ነው። የቤት ምሰሶ በአፈሩ አፍ ላይ፥ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ስፍራ አስቀድሞ እንደሚበሰብስ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። በመርከብም ላይ ብስባሴ የሚጀምረው በወለሉ ጠርዝ፥ በሸራው ምሰሶ እግርና በኋለኛው ጫፍ ነው። መርማሪው እነዚህን ቦታዎች በትንሽ መዶሻ ይመታል። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ግን ድምፁ የታፈነ ነው። በተጠራጠረበት ስፍራ ወስፌ ይወጋል፤ ወስፌው ያለ ድካም ከጠለቀ እንጨቱ ሞቷል።

በሞቃት ባሕር፥ ለምሳሌ በቀይ ባሕር፥ ሌላ ጠላት አለ። እርሱም እንጨትን ሰርስሮ የሚበላ የባሕር ትል ነው። ይህ ትል የሚገባበት ቀዳዳ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ፥ ሳንቃው ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሮ ይገኛል። ስለዚህ የዐረብ መርከበኞች የመርከባቸውን ሆድ በኖራና በሞራ ቅልቅል ይለቀልቁት ነበር፤ በሌላ አገር ደግሞ በመዳብ ቆርቆሮ ይለበጥ ወይም መዳብ ያለበት ቀለም ይቀባ ነበር።

ከዚህ በኋላ ምስማሩና ቡሎኑ ይታያል። ብረት ሲዝግ ራሱ ብቻ አይጠፋም፤ በዙሪያው ያለውን እንጨትም ያበላሻል። ገመድ ጥቂት ፈትቶ ውስጡን ማየት ነው፤ ከላይ ጠንካራ ሆኖ ከውስጥ ዱቄት የሆነ ገመድ አለና። ሸራም ፀሐይ ስለሚያደክመው ስፌቱን በጣት መሞከር ያስፈልጋል።

በመጨረሻም የሻጩ ወረቀት ይመረመራል። በብዙ አገር ሕግ በመርከብ ላይ ያለ ዕዳ ከመርከቡ ጋራ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ቢለወጥም ዕዳው አይለቅም። ስለዚህ ሻጩ የራሱን መርከብ መሸጡን፥ በመርከቡም ላይ የሠራተኛ ደመወዝ ወይም የጥገና ዕዳ አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

፫ኛ፤ ስፕሬይ ስለ ተባለችው መርከብ

ለዚህ ትምህርት ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ የሚሆነው የመርከብ አለቃው የጆሹዋ ስሎኩም ሥራ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ስሎኩም በ1844 ዓመት በካናዳ፥ ኖቫ ስኮሺያ በተባለው አገር ተወልዶ፥ ኋላም የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ ከታናሽነቱ ጀምሮ በባሕር ላይ የኖረ ሰው ነው። በ1887 የራሱ የነበረችው መርከብ በብራዚል ጠረፍ ተሰብራ ጠፋችበት። በዚያን ዘመን በእንፋሎት የሚሄደው መርከብ የሸራውን መርከብ ሥራ እየወሰደ ስለ ሄደ፥ ስሎኩም ሥራ ፈትቶ ነበር።

በ1892 ኤበን ፒርስ የተባለ፥ ቀድሞ ዓሣ ነባሪ የሚያድን የመርከብ አለቃ፥ በማሳቹሴትስ ፌርሄቨን በተባለች ከተማ ያለች አንዲት መርከብ እንዲያው ሊሰጠው ተስፋ ሰጠው፤ ጥቂት መጠገን ያሻታል ብሎም ነገረው። ስሎኩም ሄዶ ባያት ጊዜ መርከቢቱ ከባሕሩ ርቃ፥ በሜዳ ላይ በድጋፍ ቆማ፥ ሸራ ለብሳ አገኛት። እንዲህ ሆና 7 ዓመት ቆይታ ነበር። ስሟም ስፕሬይ ነው። የመንደሩ ሰዎች ሊያፈርሳት የመጣ መሰላቸው፤ ሊያድሳት እንደ መጣ በሰሙ ጊዜ ግን ተደንቀው ድካሙን የሚመልስ ትርፍ ይገኝበት እንደ ሆነ ይጠይቁት ጀመር። እንግዲህ የመግዣ ዋጋው ምንም ነበር፤ ሁለተኛው ዋጋ ግን ገና አልተጀመረም።

ስሎኩም ሥራውን የጀመረው ከሥር ነው። በአቅራቢያው የነበረ የኦክ ዛፍ ቈርጦ፥ የመርከቢቱ አከርካሪ የሆነውን የታችኛውን ረጅም ግንድ አወጣበት። አንድ ገበሬም ይህንንና ለጎድኖቹ የሚበቃውን እንጨት በጥቂት ገንዘብ አጓጓዘለት። ጎድኖቹን ለመሥራት ቀጥ ያሉ ለጋ ዛፎችን ጠርቦ፥ በእንፋሎት ሣጥን ውስጥ እስኪለዝቡ ድረስ አቆይቶ፥ በግንድ ላይ አጉብጦ አስሮ አደረቃቸው። የፊተኛውን ግንድ በግጦሽ ሜዳ ላይ ለብቻው ከበቀለ ጠንካራ የኦክ ዛፍ ግርጌ አወጣው። በሜዳ ላይ ለብቻው ቆሞ ነፋስ የሚመታው ዛፍ በጥቅጥቅ ጫካ መካከል ካደገው ይልቅ ለእንደዚህ ያለ ሥራ ይመረጣልና። ይህም ምርጫ ኋላ ተፈተነ፤ መርከቢቱ በሕንድ ውቅያኖስ፥ በኪሊንግ ደሴቶች አጠገብ የኮራል ድንጋይ በገጠማት ጊዜ ድንጋዩ ተሰነጠቀ እንጂ ግንዱ አልተጎዳም።

ከጎድኖቹ በኋላ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር የጥድ ሳንቃ አለበሳት። የሳንቆቹን ጫፍ ከጎድኑ ጋራ ያያዘው በምስማር ብቻ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር በሚያልፍና በዳዶ በሚጠብቅ ቡሎን ነበር፤ በመርከቢቱ ሁሉ የገባው ቡሎን ቍጥሩ 1000 ያህል ነበር። በሳንቆቹ መካከል መጀመሪያ ጥጥ፥ ከዚያም በቅጥራን የተነከረ የገመድ ጭረት ወተፈ። የመርከቢቱን ሆድ ሁለት ጊዜ መዳብ ያለበት ቀለም፥ ላይኛውንም ሁለት ጊዜ ነጭ የእርሳስ ቀለም ቀባ። ቀለሙ የመጨረሻ ሥራ እንጂ የመጀመሪያ እንዳልነበረ ይህን መመልከት ይገባል።

ሥራው 13 ወር ፈጀ፤ ለዕቃ የወጣው ገንዘብም 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ነበር። ይህም የእጁ ድካም ሳይቈጠር ነው። የገንዘብ እጥረት እንዳይገጥመው በመካከሉ በሌሎች መርከቦች ላይ እየሠራ ደመወዝ ይቀበል ነበር። ርዝመቷ 11 ሜትር ከ20፥ ወርዷ ወደ 4 ሜትር ከ30 የሆነች መርከብ ቆመች። ከአሮጌው እንጨት ጥቂት በጥቂት እየተነሣ አዲሱ ስለ ተተካ፥ አሮጌይቱ መቼ እንደ ሞተች፥ አዲሲቱ መቼ እንደ ተወለደች ለመናገር እንደሚያስቸግር ስሎኩም ራሱ ጽፏል።

በኤፕሪል 24 ቀን 1895 ከቦስተን ብቻውን ተነሣ። መጀመሪያ ያሰበው በሜዲትራኒያን፥ በስዌዝ ቦይና በቀይ ባሕር በኩል ለማለፍ ነበር። ነገር ግን ጂብራልታር ሲደርስ በመንገዱ የባሕር ወንበዴ እንዳለ ስለ ተነገረው፥ አትላንቲክን እንደገና ተሻግሮ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በኩል ዞረ። በቦይነስ አይሬስ የሸራው ምሰሶ እጅግ እንደ ረዘመ አስተውሎ አሳጠረው፤ በመንገድ ላይ የተቀደደውን ሸራ በእጁ ይሰፋ ነበር። ወደ 46,000 ማይል ያህል ተጕዞ በጁን 27 ቀን 1898 ኒውፖርት ገባ። ዓለምን ብቻውን በመርከብ የዞረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው፤ የጉዞውም መጽሐፍ በ1900 ታተመ።

፬ኛ፤ ማደስ የማያልቅ ሥራ ስለ መሆኑ

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ትልቁ ትምህርት ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ስሎኩም ከጉዞው በኋላ በስፕሬይ ላይ ብዙ ዓመት ኖረ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መርከቢቱን ያዩ ሰዎች እንደ ቀድሞው እንዳልተጠበቀች፥ ገመዷና ዕቃዋ ማርጀቱን መስክረዋል። በ1909 በኅዳር ወር ገደማ፥ የ65 ዓመት ሰው ሆኖ፥ ማርታስ ቪንያርድ ከተባለው ደሴት ወደ ደቡብ ለመሄድ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ እርሱንም መርከቢቱንም ያየ ሰው የለም። ማዕበል ይሁን፥ ሌላ መርከብ ገጭቷት ይሁን፥ ወይም ሳንቃዋ ለቆ ይሁን የሚመሰክር አልተገኘም። ነገር ግን በ1895 ለባሕር የበቃች መርከብ በ1909 ያለ አዲስ ምርመራ ትበቃለች ማለት እንደማይገባ ማንም ልብ ያለው ሰው ያስተውላል።

ዛሬ አብዛኛው የሸራ ጀልባ የሚሠራው ከእንጨት ሳይሆን ከመስታወት ጭረትና ከሙጫ ነው፤ ይህም ከ1950ዎቹ ወዲህ እየተስፋፋ የመጣ ነው። መስታወቱ አይበሰብስም ተብሎ ግን ምርመራው አይቀርም። ውኃ በሽፋኑ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ እንደ ውኃ ቋጠሮ ያሳብጠዋል፤ በወለሉ ሽፋን ውስጥ የተቀበረ እንጨትም ውኃ ካገኘው በስውር ይበሰብሳል። ዛሬም ቢሆን መርማሪው በትንሽ መዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። የዕቃው ዓይነት ተለወጠ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም።

፭ኛ፤ ለሹሞችና ለባለ ንብረቶች የሚጠቅም ማጠቃለያ

ከላይ ከተነገረው ሁሉ አምስት ነገር መያዝ መልካም ነው።

አንደኛ፥ በነፃ ወይም በርካሽ የተገኘ ዕቃ ዋጋው ገና አልታወቀምና፥ ከመቀበል በፊት የማደሻው ወጪ ይገመት። ገንዘብም ሁሉ ለመግዣው አይለቅ፤ ከመግዣው ሌላ ለማደሻ የሚሆን ይቀመጥ።

ሁለተኛ፥ መርማሪው ከሻጩ ጋራ ዝምድናም ጥቅምም የሌለው ባለሙያ ይሁን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ለምርመራ አንድ ቀን የነፈገ ሹም ለጥገና ዓመት ይከፍላል።

ሦስተኛ፥ እድሳቱ በተራ ይሁን። መጀመሪያ ዕቃውን የሚሸከመው አከርካሪና ጎድን፥ ቀጥሎ ውኃ የሚከለክለው ገላ፥ ከዚያም መሪውና የሸራው ምሰሶ፥ ከዚያም ሸራና ገመድ ይታደስ። መኝታ ቤቱንና ቀለሙን ማሳመር የመጨረሻ ነው። የመጋዘኑን ግድግዳ ቀብቶ የበሰበሰውን ማገር የተወ ሰው እህሉን ለዝናብ አሳልፎ ይሰጣል።

አራተኛ፥ የወጣው ገንዘብና የገባው ዕቃ በየቀኑ በመዝገብ ይጻፍ። ስሎኩም ወጪውን እስከ ሳንቲሙ ድረስ ስለ መዘገበ፥ ከእርሱ በኋላ የመጣ ሰው ሁሉ ሊማርበት ቻለ።

አምስተኛ፥ ታድሶ ለሥራ የገባ ዕቃ በየዓመቱ ቀን ተቈርጦለት ይመርመር። ይልቁንም ሰው የሚሻገርበት ጀልባ ከሆነ፥ ከዝናብ ወራት በፊት ከውኃ አውጥቶ ሆዱን ማየት የሹሙ ግዴታ ነው። ደርቆ የቆየ የእንጨት ጀልባ ወደ ውኃ ሲመለስ ሳንቃው እስኪያብጥና ክፍተቱ እስኪዘጋ ድረስ ውኃ ያስገባልና፥ በመጀመሪያው ቀን ሰው አይጫንበት።

ገንዘብ ቢጠፋ በሥራ ይመለሳል። ሹሙ ያልመረመረው ጀልባ ግን በሐይቅ መካከል ሳንቃው ቢለቅ፥ የሚጠየቀው ጀልባውን የሸጠው ሰው ብቻ ሳይሆን ሕዝቡን ያሳፈረበትም ነው።