ለአዲሷ የባንክ ሠራተኛ የአክስት ምክር

የወንድሜ ልጅ፣ ሥራ ከጀመርሽ ወዲህ ደጋግመሽ የጠየቅሽኝን ዛሬ ጽፌ ልመልስልሽ። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ቀኑን ሙሉ ከልዩ ልዩ እምነት ሰዎች ጋር ስትውል፣ ወረፋው ሲያጨናንቃት፣ ክርስትናዋን እንዴት ትኑረው? ሰባኪ ሳትሆንስ ለሌላው እንዴት ታካፍለው? ዕድሜዬን የጨረስኩት በሒሳብ ክፍል ነውና ምክሬም ከዚያው ከምናውቀው ሥራ አይርቅም።

1. የተቀመጥሽበትን ወንበር አትናቂ።

አገልግሎት የሚባለው ቅዳሜና እሑድ በአጥቢያ የሚሠራው ብቻ እየመሰለሽ የቢሮውን ሰዓት እንደ ባከነ ጊዜ ትቆጥሪዋለሽ። ወንጌል ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባበትን መንገድ እስቲ አስቢ። ሩፊኖስ የተባለው የጥንት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ እንደተረከው፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የጢሮስ ልጆች ነበሩ። በጉዞ ላይ ሳሉ መርከባቸው ጥቃት ደረሰባት፤ እነሱ ከሞት ተርፈው ለንጉሡ ተሰጡ። ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስን ደግሞ የሒሳቡና የመዝገቡ ኃላፊ አደረገው። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን እንዲያግዟት የለመነችው እነዚሁኑ ሰዎች ነው። ፍሬምናጦስም በዚያ ሥልጣኑ ከሮም ግዛት የሚመጡትን ክርስቲያን ነጋዴዎች እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲኖራቸው ረዳቸው። በኋላ እስክንድርያ ወርዶ ጳጳስ እንዲላክ ቢጠይቅ፣ ቅዱስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ራሱን ሾሞ መለሰው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እሱን ነው። በዚሁ በ4ኛው መቶ ዘመን በአክሱሙ ንጉሥ በኢዛና ሳንቲሞች ላይ የነበረው የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተቀረጸ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው ጃንደረባም የንግሥት ሕንደኬ የግምጃ ቤት ሹም ነበር። ሁለቱም ገንዘብና መዝገብ የታመኑ ሰዎች ናቸው። ፍሬምናጦስ ስለ ክርስቶስ ሲናገር የተደመጠው፣ ሒሳቡ ለዓመታት ሳይዛነፍ ስለተገኘ ነው ብዬ አምናለሁ።

2. ምስክርነትሽ ከመስኮትሽ ይጀምር።

የዐቢይ ጾም 6ኛ እሑድ ገብር ኄር ነው። በዚያ ዕለት የሚታሰበው የመክሊቱ ምሳሌ የጌታቸውን ገንዘብ ስለተረከቡ ሦስት አገልጋዮች ይናገራል፤ ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ። ስለ ጸጋና ስለ ስጦታ ብዙ ሲሰበክበት ሰምተሻል፤ መልካም ነው። እኔ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና፣ ጌታ የሰው ገንዘብ በእጁ የገባን ሰው ምሳሌ አድርጎ ማስተማሩ ሁልጊዜ ይነካኛል።

ወደ መስኮትሽ የምትመጣውን እናት ተመልከቻት። ፊደል አልቆጠረችም፤ በጣት አሻራ ነው የምትፈርመው። ልጇ ከዓረብ አገር የላከችላትን ብር ልትወስድ ከማለዳ ጀምራ ተሰልፋለች። ቅጹን ሙይላት፣ ስንት ብር እንደሆነ በግልጽ ንገሪያት፣ እፊቷ ቆጥረሽ ስጫት፣ ቦርሳዋን እስክትዘጋ ታገሻት። ብድር የሚጠይቀው ወጣት ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ወለዱ በየወሩ ስንት እንደሚሆን፣ ክፍያ ቢያዘገይ ቅጣቱ ምን እንደሆነ፣ ዋስ የሆነችው እህቱም ምን ልታጣ እንደምትችል ከአንቺ ይስማ። ማታ ካዝና ሲቆጠር ብር ቢጎድል እንደሚመዘገብ ሁሉ ቢተርፍም ይመዝገብ። የተረፈው ብር የአንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ምናልባት አሁን ቤቱ ተቀምጦ ኪሱን እየፈተሸ ነው።

አንድ ቀን አለቃሽ «ቀኑን የትናንት አድርገሽ ፈርሚ» ይሉሻል። ወይም የዘመድ ጉዳይ ያለ ወረፋ እንዲያልፍ ይጠየቃል፤ ወይም ደንበኛው ለሻይ ብሎ በወረቀቱ መሐል ብር ሸጉጦ ይሰጥሻል። ብሩን ድምፅሽን ሳታሰሚ መልሺለት፤ ጉዳዩን ግን ከሌላው ሰው እኩል ጨርሺለት፤ አስቀይሞኛል ብለሽ እንዳታጉላዪው። አለቃሽንም ሰው ፊት አታሳፍሪያቸው። ለብቻቸው ሲሆኑ ግቢና «ይህን መፈረም አልችልም፤ በዛሬ ቀን ከሆነ ግን አሁኑኑ አዘጋጃለሁ» በያቸው። ስለ ኃጢአት ንግግር አታድርጊላቸው። ዕድገትሽ ሊዘገይ፣ ወደ ሩቅ ቅርንጫፍም ልትዛወሪ ትችያለሽና ይህን ከወዲሁ አስቢበት፤ ከንስሐ አባትሽም ጋር ቀድመሽ ተማከሪ። ፈተናው ሲመጣ መልሱን ያኔ መፈለግ ከባድ ነው።

3. ጸሎትሽ ትንሽም ቢሆን አይቋረጥ።

ቤተ ክርስቲያናችን ለቀንና ለሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያት ሠርታለች፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ሁሉንም በሥራ ቀን እጠብቃለሁ ብለሽ በሳምንቱ እንዳትተዪው። ከቤት ሳትወጪ የዘወትር ጸሎትሽንና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሺ፤ በየዕለቱ የተከፈለ ስለሆነ አያስቸግርሽም። ቀትር ላይ ምሳ ዕቃሽን ከመክፈትሽ በፊት አባታችን ሆይ በይ። የጸሎት መጽሐፉ በስልክሽ ካለ ስትጸልዪ ዳታውን አጥፊው። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀሽ ግን ጸሎት አታስረዝሚ፤ በዚያች ሰዓት እግዚአብሔር የሚፈልግብሽ ሰውየውን ማስተናገድ ነው።

4. ጾምሽ ለሌላው እፎይታ ይሁን።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አሉ፣ ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ። ከዓመቱ ብዙ ቀን ጾመኛ ሆነሽ ነው ሥራ የምትውዪው። ስለዚህ በጾም ቀን ፊትሽ የሚጠቁር፣ ቃልሽ የሚሻክር ከሆነ ባልደረቦችሽ ክርስትናሽን የሚያውቁት በዚያ ነው። ጌታ የሚጾም ሰው ፊቱን እንዲታጠብና ራሱን እንዲቀባ ማዘዙን አትርሺ። የሰው ምሳ ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለም አትመልከቺ። ባልደረባሽ የስኳር ሕመም ኖሮባት ወይም ነፍሰ ጡር ሆና ከንስሐ አባቷና ከሐኪሟ ጋር ተማክራ ይሆናል፤ ለአንቺ ማስረዳት የለባትም። አንቺም ብትታመሚ እንዲሁ አድርጊ እንጂ መድኃኒትሽን በራስሽ ፈቃድ አታቋርጪ።

ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲዘረዝር እንጀራን ለተራበ ማካፈልን፣ የታረዘን ማልበስን ያነሳል። የጾም ወራት ለምሳና ለማኪያቶ ሳታወጪው የሚቀረውን ብር ለይተሽ አስቀምጪ። ቢሮውን የምታጸዳው ሴት እና በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ከአንቺ በጣም ያነሰ ደመወዝ ይበላሉ። ስማቸውን እወቂ፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ ደብተር የጎደለ እንደሆነ ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ሁኚ።

5. መጀመሪያ ጠይቂ፣ ቀጥሎ ተቀመጪ፣ ከዚያ ተናገሪ።

ፊልጶስ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ የዚያን የሕንደኬን ጃንደረባ ሠረገላ ሮጦ ሲደርስበት ስብከት አላወረደበትም። ጃንደረባው ኢሳይያስን ሲያነብ ሰምቶ፣ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀው። ሲጋበዝም ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ማስተማሩን የጀመረው ሰውየው ከሚያነበው ከዚያው ክፍል ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ሰውየው ምን እያነበበ እንደሆነ ሳንሰማ የራሳችንን ምዕራፍ እንከፍታለን።

ባልደረባሽ «አንቺ ግን ለምን አትናደጂም?» ወይም «ለምንድነው የምትጾሚው?» ብላ የጠየቀችሽ ቀን በአጭሩ፣ በራስሽ አንደበት መልሺላት። ሐዋርያው ጴጥሮስም ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ለመመለስ የተዘጋጀን እንድንሆን ሲመክር በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ብሏል። የማታውቂውን ከጠየቀችሽ «አባቶችን ጠይቄ እነግርሻለሁ» በያት፤ ጠይቀሽም ንገሪያት። ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ከፈለገች የቅዳሴውን ሰዓት ነግረሽ ብቻ አትተያት። መንገድ ላይ ጠብቀሽ፣ ትርፍ ነጠላ ይዘሽላት፣ የት እንደምትቆም አሳያት።

ሐዘን ሲገጥማት ደግሞ ከሁሉም በላይ ዝምታ ያስፈልግሻል። እናቷ የሞቱባትን ልጅ «እግዚአብሔር ይህን ያደረገው እንዲህ ሊያስተምርሽ ነው» አትበያት፤ ይህን የሚያውቅ የለም። ለቅሶ ድረሺ፣ ፍራሽ ላይ አብረሻት ተቀመጪ፣ እንግዳ ሲበዛ ውኃ አቅርቢ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ተመልሰሽ ሂጂ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። የተሳሳቱት መናገር ሲጀምሩ ነው።

6. የሌላውን እምነት ሰው አክብሪ፤ የራስሽን አትደብቂ።

ወሎ ባደግንበት ሰፈር ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊም እንግዶች በሬው ለብቻ፣ በሙስሊም እጅ ይታረድ ነበር። ድግሱ አንድ ነው፤ ሥጋው ሁለት ነው፤ ማንም ማንንም አያስቀይምም። አሁንም እንዲሁ አድርጊ። በረመዳን ባልደረባሽ ለማፍጠር ቤቱ መድረስ ሲፈልግ የማታውን ተራ አንቺ ያዢለት። በ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ያስጠጋው ክርስቲያን የአክሱም ንጉሥ ነው፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እስከ ዛሬ በምስጋና ያነሱታል።

ከፕሮቴስታንት ባልደረቦችሽ ጋር የምትለያዩበትን ነገር የለም ብለሽ አታድበስብሺው፤ አለ፤ ከባድም ነው። ነገር ግን በስድብና በቅጽል ስም የተመለሰ ሰው አላየሁም። ስለ እመቤታችን ሲጠይቁሽ በፍቅር ንገሪያቸው፤ ክርክሩ ሲሞቅ ወደ ሥራሽ ተመለሺ። ማዕተብሽን ግን እንግዳ መጣ ብለሽ አታውልቂ።

7. በስልክሽ የምትልኪውን መርምሪ።

በቴሌግራም የመጣልሽን የተአምር ወሬ ሁሉ አታስተላልፊ። የት አጥቢያ እንደሆነ፣ ማን እንደመሰከረ የማይታወቅ ነገር ነገ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ በእውነተኛውም ላይ ጥርጣሬ ያመጣል። ከስብከት መሐል የተቆረጠ የቲክቶክ ምስል አይተሽ በመምህሩ አትፍረጂ፤ ሙሉውን ስሚ። በሰዎች ፊት የሚደረግ የቃላት ጦርነት ውስጥም አትግቢ። በዚያ በምታባክኚው ግማሽ ሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ላቃታቸው ለአንዲት አሮጊት ስልክ ደውይላቸው፤ የዕለቱን ወንጌልም አንብቢላቸው።

8. ክርስትናሽን ብቻሽን አትኑሪው።

በወር አንድ ቀን ከጽዋ ማኅበርሽ አትቅሪ። በሥራ ቦታሽ የምሳ ሰዓት ጉባኤ ካለ ግቢ፤ የምሳ ሰዓት ሲያበቃ ግን ቦታሽ ላይ ተገኚ። የአገልጋዩ ጸሎት ረዘመ ተብሎ ደንበኛ ቆሞ ከጠበቀ ጉባኤውን የሚያሰድበው ያ ነው። ከባልደረባ ጋር ተቀያይመሽ ቅዳሴ ከመሄድሽ በፊት ዓርብ ከቢሮ ሳትወጪ ታረቂ፤ ጌታ መባውን ትቶ ቀድሞ መታረቅን አዟል።

9. ደመወዝሽንና ሙያሽን አካፍዪ።

አሥራትሽን ደመወዝ በወጣ ቀን ለይተሽ አስቀምጪ፤ ወር መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ብር የለም። ዕቁብም ግቢ፣ ለእናትሽም ላኪ። በስውር የሚሰጥ ምጽዋት በስውር ይሁን፤ ለአጥቢያሽ የምትከፍዪውን አሥራት ግን ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበዪበት። ደረሰኙ አንቺን ለማስመስገን አይደለም፤ ገንዘብ ተቀባዩን ከሐሜት፣ ቤተ ክርስቲያኒቱንም ከጥርጣሬ ይጠብቃል። ብዙ አጥቢያዎች መዝገባቸውን በሥርዓት የሚይዝላቸው ባለሙያ ይፈልጋሉ። ዝማሬ የሚችሉ ብዙዎች ናቸው፤ የገቢና የወጪ መዝገብ ማስታረቅ የሚችሉ ግን ጥቂት። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ጎራ በዪና በወር አንድ ቅዳሜ በሒሳቡ ልታግዣቸው እንደምትችዪ ንገሪያቸው።