ቀዶ ሕክምና እስኪደርስ ጉልበትን ማዘጋጀት

በ26 ጁን ሰፈር ኳስ ስትጫወቱ ከእናንተ አንዱ ማንም ሳይነካው ሲዞር ጉልበቱ «ቋ» ብሎ ቢወድቅ፣ ጉልበቱም በሰዓታት ውስጥ ቢያብጥ፣ በጉልበት መካከል ያለው የፊተኛው ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ይየው። ወጌሻን እናከብራለን፤ ይህ ጅማት ግን በማሸትና በመጎተት አይቀጠልም።

ለስደተኛ ቀዶ ሕክምና ማለት ገንዘብ፣ ወረቀትና ረጅም ጥበቃ ነው። ብዙዎቻችን እስከዚያው ጉልበታችንን ጠፍረን እንቀመጣለን። በዚህ መካከል የጭን ሥጋ ይሟሽሻል። ጉልበቱ ሳይዘረጋ ወደ ቀዶ ሕክምና የገባ ሰው ደግሞ ከዚያም በኋላ እንደ ገተረው ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን በተጠቀለለ ጋቢ ላይ አድርጉ። ጉልበቱ በራሱ ክብደት እስኪዘረጋ አሥር ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ ጭናችሁን አጥብቃችሁ አምስት እስክትቆጥሩ ያዙ፤ አሥር ጊዜ ደጋግሙት፣ በቀን ሦስት ጊዜ። እብጠቱ ሲቀንስ እግሩን ሳታጥፉ ወደ ላይ አንሡ፤ ከታጠፈባችሁ ገና ነውና ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ቀጥሎ ወንበር ይዛችሁ በጥቂቱ ቁጭ ብድግ ማለት ይመጣል። በማግስቱ ጉልበቱ ካበጠ አብዝታችኋል ማለት ነው። ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ወይም ባታችሁ አብጦ ካመማችሁ ልምምዱን ትታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ልምምዱ የጥበቃ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። በስዊድን በ121 ወጣቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ 59ኙ በልምምድ ጀምረው ካስፈለጋቸው ብቻ ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጉልበታቸው ቀድመው ቀዶ ሕክምና ካገኙት አላነሰም፤ 36ቱም እስከዚያ የጅማት ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም። ጉልበቱ እየከዳ የሚጥለው ሰው ግን ቀዶ ሕክምናውን መጠየቅ አለበት።

ወደ ሜዳ ለመመለስ አትቸኩሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ይጠበቃል። የሊቨርፑሉ ቫን ዳይክ እንኳ ያን ሁሉ ሐኪም ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ተጎድቶ የውድድር ጨዋታ ያደረገው በነሐሴ 2021 ነው። ወሩ ቢሞላም በጤነኛው እግር አንድ ጊዜ ዝለሉና ርቀቱን መሬት ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ በተጎዳው ሞክሩት። ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል ካልደረሰ ለጊዜው ዳኛ ሁኑ፤ ዳኛም ሁልጊዜ ይጠፋል።