አስረጂ ድርሰትና የቃላት አፈታት፦ «ነጻ» እና «በነጻ»

አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ ወይም እንዴት እንደሚሠራ ለአንባቢ የሚያብራራ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ጸሐፊው እንግዳ ቃላትን በየቦታቸው ካልፈታ ማብራሪያው ራሱ ሌላ ማብራሪያ ይሻል። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ ስታነቡ አዳዲሶቹ ቃላት የት የት እንደ ተፈቱ ልብ በሉ።

ምንባብ

ኮምፒዩተር ያለ ሥርዓተ ክወና ግዑዝ ሣጥን ነው። ሥርዓተ ክወና የኮምፒዩተሩን ክፍሎች የሚያዝና የሚያስተባብር ዋና ፕሮግራም ሲሆን፣ ከአታሚውም ሆነ ከኔትወርክ ካርዱ ጋር የሚግባባው በአስተርጓሚ ነው። ይህም አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ሪቻርድ ስቶልማን በሚሠራበት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አንድ አታሚ ወረቀት እየያዘበት ይቆም ነበር። ስቶልማን ወረቀት በተያዘ ጊዜ ለተጠቃሚዎቹ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ለመጨመር አሰበ። የፕሮግራሙ ምንጭ የነበረው ሰው ግን ለማንም ላለማካፈል ቃል ገብቶ ነበርና ከለከለው። ስቶልማን በ1983 ግኑ የተባለ ነጻ ሥርዓተ ክወና ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የሥርዓተ ክወና እምብርት የሆነውን ሊነክስን አወጣ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊነክስን መጫን ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር፤ ተጠቃሚው የየካርዱን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ነበረበት። በ2000 የወጣው ክኖፒክስ ከሲዲ ላይ ተነሥቶ መሣሪያዎቹን ራሱ ይለይ ጀመር፤ በ2004 የወጣው ኡቡንቱም አጫጫኑን አቀለለ። ዛሬ አብዛኞቹ ድራይቨሮች ከእምብርቱ ጋር አብረው ይመጣሉ።

ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የሽቦ አልባ ኔትወርክ ካርዶች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ፈርምዌር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ሊጫንባቸው ይገባል። የዚህንም ምንጭ አምራቾቹ አብዛኛውን ጊዜ አይገልጡም። በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን ነጻ ያልሆነውን ሁሉ ከዋናው የመጫኛ ሲዲ አስወጥቶ ነበር። ስለዚህ ተጠቃሚው ወደ ኢንተርኔት የሚያስገባውን ፕሮግራም ከዚያው ከኢንተርኔት ማምጣት ግድ ይሆንበት ነበር፤ ቁልፉን ሣጥኑ ውስጥ ትቶ እንደ ቆለፈ ሰው ማለት ነው። በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጡና በሰኔ 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ፈርምዌሩን አብሮ ያዘ። ውሳኔው ለጀማሪው ትልቅ እፎይታ መሆኑ አያጠያይቅም። ለዓላማው ግን ዋጋ አስከፍሎታል።

የቋንቋ ማስታወሻ

«ነጻ ፕሮግራም» ሲባል ማንም ሰው ምንጩን ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ሊያካፍለው የሚችል ፕሮግራም ማለት ነው። «በነጻ የተሰጠ ፕሮግራም» ግን ገንዘብ ያልተከፈለበት ነው፤ ምንጩ የተሰወረ ሊሆንም ይችላል። ልዩነቱን ያመጣው «በ» የሚለው መስተዋድድ ነው። ሆኖም ደንቡ ሁልጊዜ አይሠራም፦ «ዳኛው ተከሳሹን በነጻ አሰናበቱት» ስንል የገንዘብ ጉዳይ አላነሣንም።

መልመጃ

ሀ. ድራይቨርና ፈርምዌር በምንባቡ የተፈቱባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ፣ አንዱን በራሳችሁ ቃላት እንደገና ጻፉ።

ለ. «ነጻ» እና «በነጻ» የሚሉትን ቃላት የትርጉም ልዩነታቸው በሚታይባቸው አራት ዓረፍተ ነገሮች አግቧቸው።

ሐ. ከዴቢያን አባላት አንዱ ብትሆኑ ኖሮ በ2022 ድምፃችሁን ለየትኛው ወገን ትሰጡ ነበር? የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ምክንያት ሳትዘሉ በሦስት አንቀጽ ጻፉ።