ሕክምናው ዛሬ፣ ጉዲፈቻው በጊዜው

ተማሪዎች፣ ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ የሰው ልጅ ወስዶ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ ምን ተብሎ ይጠራል? እንዴትስ ይፈጸማል?
2. ከወላጆቹ የተለየ ሕፃን ሁሉ ወላጅ የሞተበት ነው ሊባል ይችላልን?

ምንባብ

ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን የምትገኝ፣ በሰሊጥና በማሽላ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። በመከር ወራት የቀን ሠራተኛው፣ በችግር ጊዜ ደግሞ ስደተኛው ከኢትዮጵያ ድንበር እየተሻገረ ወደ አካባቢዋ ሲጎርፍ ኖሯል። በ1977 ዓ.ም. በረኀቡ ዘመን ኡም ራኩባና ተዋዋን የመሳሰሉ መጠለያዎች በኢትዮጵያውያን ተጨናንቀው ነበር። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜም በመጀመሪያው ወር ብቻ ከ40,000 የሚበልጡ ሰዎች ሱዳን ገቡ፤ ብዙዎቹም በሐምዳይት በኩል የተከዜን ወንዝ ተሻገሩ። ለዓመታት ተዘግቶ የነበረው ኡም ራኩባም እንደገና ተከፈተ።

ከእንዲህ ያለ ስደት ጋር ሁልጊዜ የሚመጣ አንድ ጉዳት አለ፤ ይኸውም የልጅና የወላጅ መለያየት ነው። ነገሩን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሑመራ ቆላ ያደገ የአምስት ዓመት ልጅ ከጎረቤቶቹ ጋር ሸሽቶ መጠለያ ገባ እንበል። እናቱ በሽሽቱ መካከል ጠፍታዋለች። ልጁ ለሳምንታት ያልለቀቀው ትኩሳት አለበት፤ ሰውነቱ ከስቷል፤ ሆዱ ግን ጣፊያው በማበጡ ተነፍቷል። ሐኪሙ መርምሮ በሽታው ካላዛር መሆኑን ያረጋግጣል።

ካላዛር በሑመራ፣ በመተማና በገዳሪፍ ቆላማ አካባቢዎች የሚገኝ፣ የአሸዋ ዝንብ በምትባል ትንሽ ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ሳይታከም ከቀረ ከመቶ ሕሙማን ከዘጠና አምስት የሚበልጡትን ይገድላል። ለብዙ ዓመታት በአካባቢው የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀናት በየዕለቱ በመርፌ የሚሰጥ ነው። ሕመሙ ሊያገረሽ ስለሚችል ከዚያ በኋላም ለስድስት ወራት ያህል ክትትል ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጁን በየዕለቱ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው፣ የሚመግበውና ሌሊት የሚነሣለት ሰው የግድ ሊኖር ይገባል።

ይህን ኀላፊነት በጎረቤት ድንኳን የምትኖር አንዲት ሴት ተቀበለች እንበል። መርፌው ሲያበቃ ልጁ ፊቱ ተመለሰ፤ «እማዬ» ብሎም ይጠራት ጀመር። ሴትዮዋም ስደተኞችን ወደሚረዳው ወጣት ሠራተኛ ዘንድ ሄደች።

«ልጄ፣ እኔ የወለድሁት የለኝም። ይህ ልጅ በእጄ ድኗል። በስሜ ጻፉልኝና ልጄ ይሁን» አለችው።

«እትዬ፣ እንዲያሳድጉት አደራ የሰጠንዎ እኛው ነን። ነገር ግን እናቱ ስለ መሞቷ ማስረጃ የለንም። ስሟና የልጁ ፎቶግራፍ ለፍለጋ ተልኳል» ሲል መለሰላት።

«እስከ መቼ ልጠብቅ?»

«እርስዎ ልጁን ለማግኘት ይጠብቃሉ፤ ምናልባት እናቱም በሌላ መጠለያ ሆና ይህንኑ ልጅ ትጠብቅ ይሆናል።»

ሴትዮዋ መልስ አጣች። ልጁን ይዛም ወደ ድንኳኗ ተመለሰች።

የወጣቱ መልስ ከግል አስተያየቱ የመነጨ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ22ኛው አንቀጽ ስደተኛ ሕፃን ወላጆቹ ወይም ዘመዶቹ እንዲፈለጉለት ያዝዛል። የድርጅቱ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን መመሪያም ወላጅ የመገኘት ተስፋ ሳለ ሕፃኑ ለጉዲፈቻ እንዳይሰጥ፣ ፍለጋውም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያሳስባል። በኢትዮጵያም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጆች በሕይወት ካሉ ፈቃዳቸው እንዲጠየቅ፣ ጉዲፈቻውንም ፍርድ ቤት የሕፃኑን ጥቅም መርምሮ እንዲያጸድቀው ይደነግጋል። የጉዲፈቻ ልጅ ከተፈጥሮ ቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነትም ጨርሶ አይቋረጥም።

አንዳንድ ሰዎች ግን «በሽታ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ታማሚ ሕፃን ቶሎ አሳዳጊ ያግኝ» ይላሉ። ንግግሩ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ሆኖም ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ያደባልቃል። የዚህን አሳሳችነት ለማየት ከገዳሪፍ ርቀን ወደ ሱዳን ምዕራባዊ ድንበር እንሂድ። በጥቅምት ወር 2000 ዓ.ም. አርሽ ደ ዞኤ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት ሠራተኞች 103 ሕፃናትን ከቻድ በአውሮፕላን ወደ ፈረንሳይ ሊወስዱ ሲሉ ተያዙ። ሕፃናቱ ከዳርፉር ጦርነት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ናቸው ተብሎ ነበር፤ ለአንዳንዶቹም ቁስል ሳይኖርባቸው ፋሻ ተጠቅልሎላቸው ተገኘ። በኋላ ሲጣራ አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ ወይም እንደ ወላጅ የሚያዩት አሳዳጊ እንደነበራቸው ታወቀ። በፈረንሳይ ሊቀበሏቸው ይጠባበቁ የነበሩ ቤተሰቦችም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የሕፃናት ሕመም ለጥድፊያ ምክንያት ሲሆን ልጁም፣ ወላጁም፣ ተቀባዩም እንደሚጎዱ ከዚህ እንረዳለን። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባል የለም?

ከኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. ገደማ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ባሕር ማዶ ይሄዱ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ከለከለ። ይህ ማለት ግን የሰው ልጅ ማሳደግ ለአገራችን ባዕድ ነው ማለት አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል የተገኘ ነው። ማር የተቀባ አውራ ጣት በማጥባት የጡት ልጅ ማድረግም የቆየ ልማድ ነው። በሱዳን ደግሞ ካፋላ የሚባል ሥርዓት አለ፤ አሳዳጊው ሕፃኑን በአደራ ያሳድጋል፤ ሕፃኑ ግን የአባቱን ስም እንደያዘ ይኖራል።

በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የስደቱ አቅጣጫ ተለወጠ። ሱዳናውያን በጋላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ፤ ብዙዎችም በኩመር መጠለያ ሠፈሩ። ትናንት በገዳሪፍ ለእኛ ልጅ የሠራው ሥርዓት በመተማ ለሱዳናዊው ልጅም ይሠራል። ሕፃኑ ከታመመ ዛሬውኑ ይታከም፤ አስታማሚ ካጣ ዛሬውኑ የሚያቅፈው ሰው ይሰጠው። የማን ልጅ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ፍለጋው እስኪያልቅ ይቆይ። የሚጠብቅ አሳዳጊ ጊዜውን በከንቱ አያሳልፍም፤ ለልጁ ስሙንና ዘሩን እየጠበቀለት ነውና።

የቃላት ፍች

ጉዲፈቻ፦ የሌላ ሰው ልጅ በሕግ ወይም በባህል እንደ ራስ ልጅ ማድረግ
ጣፊያ፦ በሆድ ውስጥ በግራ በኩል የሚገኝ የሰውነት ክፍል
አደራ፦ ለሌላ ሰው በእምነት የሚሰጥ ነገር ወይም ኀላፊነት
አገረሸ፦ የዳነ በሽታ ተመልሶ ተነሣ

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በጽሑፍ መልሱ።
1. የካላዛር ታማሚ የሆነ ሕፃን አስታማሚ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
2. ወጣቱ ሠራተኛ ለሴትዮዋ የሰጠው የመጨረሻ መልስ ምን ያስተምራል?
3. ጉዲፈቻና ካፋላ በምን ይለያያሉ?

ለ. ከሁለት ዓመት በኋላ የልጁ እናት ተገኘች እንበል። አሳዳጊዋ ለእናትየዋ የምትጽፍላትን ደብዳቤ በአንድ ገጽ ጻፉ።